ፊታውራሪ ገና አልመጡም

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ሳሎን ተቀምጦ ፊልም ከፍቶ ነበር። እኔ ኩሽና ውስጥ የታጠበ ዕቃ እያደራረቅኩ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት የፈረስ ኮቴ ነው፤ ከባድ፣ ብዙ፣ ጭቃ እየረገጠ የሚመጣ። ቀጥሎ ደወል ተደወለ። ከዚያ የአንድ ሽማግሌ ጎርናና ድምፅ አንድ ሰው ከተንበረከከበት እንዲነሳ አዘዘ። ቤት ውስጥ ፖፕኮርን ያፈነዳ ሰው አልነበረም፤ የሲኒማ ቤት ቅቤ ግን ሸተተኝ።

ድምፁን እንዲቀንስልኝ ነገርኩት። ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ የድሮ ፊልም እኮ ነው አለኝ። የድሮ መሆኑን ከሱ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ሳን ሆዜ፣ አባቴ የሚሠራው ደግሞ ዳውንታውን ኦክላንድ፣ አንድ ባለ አምስት ፎቅ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። በዲቪ ከመጣን አምስት ዓመት ሞልቶን አባቴ ለዜግነት አመልክቶ የኢንተርቪው ቀን ተቆርጦለታል። ደብዳቤው ፍሪጁ ላይ በማግኔት ተለጥፎ ነበር። ወተት ላወጣ በሄድኩ ቁጥር ቀኑን አነበዋለሁ፣ በማታው የሚለወጥ ይመስል።

ነገሩ የፓስፖርት አልነበረም። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው አባቱን ማምጣት አይችልም፤ ዜጋ መሆን አለበት። አያቴ ደግሞ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ናዝሬት ውስጥ ብቻውን ቀርቷል።

አያቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ስሙ ፊታውራሪ ነው። ማዕረጉ አይደለም፤ እናቱ ያወጣችለት ስሙ ነው። አባቴ እንደሚለው ሴትዮዋ ስም ስታወጣ ቆጥባ አታውቅም። አያቴ በሕይወቱ ፈረስ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ሲጋልባት የኖረው የስፌት መኪናውን ነው። «ፊታውራሪ ማለት ከጦሩ ፊት የሚሄድ ማለት ነው፤ የኛ ፊታውራሪ ግን ኋላ ቀረ» እያለ አባቴ ይቀልድ ነበር። ይህን ሲል ግን ራሱ አይስቅም።

አሜሪካ ስንገባ ከወረቀታችን ላይ የመጨረሻውን ስም ወስደው አባቴንም እኔንም ፊታውራሪ አደረጉን። በየክሊኒኩ፣ በየቢሮው «ሚስተር ፊታዋሪ!» ተብሎ ሲጠራ አባቴ ወዲያው አይነሳም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይልና «ፊታውራሪ ገና አልመጡም፤ ልጃቸው አለሁ» ይለኛል። ከዚያ ነው የሚነሳው። ሁልጊዜ ያው ቀልድ ነው፣ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

እሑድ እሑድ ከቸርች መልስ ለአያቴ እንደውላለን። ለመንገዱ የሚሆን ግራጫ ሱፍ ኮት ለራሱ ሰፍቶ ነበር፤ ካሊፎርኒያ አይበርድም ብንለውም አልሰማንም። አባቴ ጤናውን ይጠይቀዋል። እሱም ሁልጊዜ ደህና ነኝ ይላል፤ አስከትሎም እንደ ዋዛ፣ «ኮቱን ትንሽ አጠበብኩት» ይላል። እኔ የልብስ ሰፊ አመል መስሎኝ ነበር። አባቴ ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እጁን ከላዩ ሳያነሳ ብዙ ይቆያል። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠብ ነው እኔም የገባኝ። ሰውየው እየከሳ ነበር።

የአባቴ አስተማሪ እኔ ነበርኩ። እርግጥ ከኔ በፊት ሌላ አስተማሪ ነበረው፤ የቸርቻችን ሽማግሌ። እኚህ ሰው ስንቱን ሰው ለዜግነት አዘጋጅተው አሳልፈዋል። የአሜሪካን ታሪክ ጥያቄ በቃልህ አጥና ይላሉ፤ በፎርሙ ላይ ላሉት ጥያቄዎች ግን ዘዴያቸው አጭር ነው። «‹ዱ ዩ ሃቭ› ወይ ‹ሃቭ ዩ ኤቨር› ካሉህ ኖ በል። ‹አር ዩ ዊሊንግ› ካሉህ የስ በል። መሃል ገብተህ አትፈላሰፍ» አሉት። ፎርሙንም የሞላሁት በሳቸው መንገድ ነው፤ ኖ፣ ኖ፣ ኖ እያልኩ ወረድኩ፣ መጨረሻው ላይ የስ።

ግን በክፍሌ በእንግሊዝኛ አንደኛ ነበርኩ፤ በትዕቢትም እንደዚያው። ሰው እጁን አንስቶ ምሎ ያልገባውን ነገር ኖ ማለቱ ውሸት ነው አልኩት። አባቴ ውሸት የሚለውን ቃል ከሰማ አለቀለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃል በቃል ካልገባኝ አለ። ከሥራ ሲመለስ ኪሱ በፓርኪንግ ቲኬት ይሞላል፤ ጀርባቸው ላይ የእንግሊዝኛውን ቃል በአማርኛ ፊደል ጽፎ፣ ፍቺውን ከጎኑ ባዶ ትቶልኝ። እኔ እሞላለታለሁ።

«ታይትል ኦፍ ኖቢሊቲ» ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ቆምን። ታይትል ርዕስ ነው አልኩት። አባቴ ቲኬቱን ይዞ ትንሽ አሰበና «የመጽሐፍ ርዕስ አለህ ወይ ነው የሚሉኝ?» አለኝ። አይደለም አልኩት፤ ግን ምን እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝ። «የመኳንንት ማዕረግ» ለማለት አማርኛዬ እዚያ ድረስ አልሄደልኝም። ጥያቄው ፍቺ ሳያገኝ ኪሱ ውስጥ ቀረ።

ፊልሙ የመጣው እንደዚህ ነው። ከፓርኪንጉ አጠገብ አንድ አሮጌ ትልቅ ቲያትር ቤት አለ፤ ጣራው በወርቅ ቀለም ያጌጠ፣ ወንበሮቹ ቀይ፣ አንዳንዴ ፊልም የሚያሳይ። እዚያ የሚሠራ ሰው መኪናውን አባቴ ዘንድ ስለሚያቆም ሁለት የመግቢያ ካርድ ሰጠው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ኢንተርቪው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው። አባቴ የሥራ ባልደረባውን ለሁለት ሰዓት ቦታውን እንዲይዝለት ለምኖ፣ የፓርኪንጉን ጃኬት እንደለበሰ እኔን ይዞ ገባ። ጨለማው ውስጥ ቅቤና አሮጌ ምንጣፍ ይሸታል።

ፊልሙ የጥንት የእንግሊዝ ፈረሰኞች ታሪክ ነበር። አስተማሪያችን አፈ ታሪኩን ክፍል ውስጥ አንብባልን ነበር። የቆሰለው ሽማግሌ ንጉሥ ወደ አንዲት ደሴት ይወሰዳል፣ አንድ ቀን ይመለሳል ተብሎም ይጠበቃል። ሠሪዎቹ ግን አዙረውታል። እነሱ ዘንድ ንጉሡ እስኪመለስ የሚጠብቅ የለም፤ ፈረሰኞቹ ሊያመጡት ይነሳሉ። የሚያብረቀርቅ ጥሩር የለም፤ ሁሉም ጭቃ የነካቸው፣ የራባቸው ሰዎች ናቸው። መንገዱ ላይ ጫካ አለ፣ የተቃጠለ ድልድይ አለ፣ ወረቀት ካላሳያችሁ አትሻገሩም የሚሉ ዘበኞች አሉ። ንጉሡ ደግሞ በየመሃሉ ይታያል፤ ደሴቲቱ ላይ ተቀምጦ ባሕሩን ያያል፣ በታየ ቁጥር ፊቱ እየጠቆረ፣ እያነሰ።

አባቴ እንደኔ አልነበረም የሚያየው። ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ከራሱ ጋር የሚያወራ ይመስል በየአምስት ደቂቃው «ይደርሱለታል?» ይለኛል። አላውቅም፣ ዝም በል እለዋለሁ።

መሃል ላይ አንድ ወጣት በጭቃው ተንበረከከ። ሽማግሌው አዛዥ ሰይፉን በትከሻው ላይ አሳረፈ፣ ደወል ተደወለ፣ ተነስ አለው፤ ከዚያ በኋላ ሰዉ ሁሉ በስሙ ፊት «ሰር» እያለ ይጠራው ጀመር። ዘልዬ ነበር የተነሳሁት። ያ ላስረዳው ያቃተኝ ነገር እዚያ ስክሪን ላይ ቆሟል።

«አባ፣ ይሄ ነው! ታይትል ማለት ይሄ ነው። ኖቢሊቲ» አልኩት።

አባቴ ትንሽ አሰበ። «እንደኛ ፊታውራሪ ማለት ነው?»

«አዎ! ልክ እንደ ፊታውራሪ!»

ከፊታችን የተቀመጠ ሰው ዞሮ ዝም በሉ አለን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን በዚያ ሰዓት በራሴ ኮርቼ ነበር። እንዲህ ያለ አስተማሪ ከየት ይገኛል?

መጨረሻውን አላየነውም። ፈረሰኞቹ ባሕሩ ዳር ደርሰው ጀልባ ወደ ውሃው ሲገፉ፣ ጭጋጉ ደሴቲቱን ሲሸፍናት፣ የአባቴ ስልክ ኪሱ ውስጥ ነዘረ። ባልደረባው ነው፤ ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ሄዷል። አባቴ እጄን ይዞ ወጣ። በሩ ጋ ሲደርስ አንድ ጊዜ ዞሮ አየ። ከዚያ በኦክላንድ የከሰዓት ፀሐይ ላይ ዓይናችን እየተጨፈነ ቆምን።

ረቡዕ ጠዋት እናቴ ሥራ ስለነበረች ከትምህርት ቤት ቀርቼ እኔ ነኝ አብሬው የሄድኩት። ከቤት ሳንወጣ የወረቀቶቹን ፎልደር ሦስት ጊዜ አየሁት፣ መኪና ውስጥ ደግሞ አንድ ጊዜ። የመጠበቂያው ክፍል መብራት ነጭ ነበር፣ ምንጣፉ አዲስ ሙጫ ይሸታል፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ክላ የሚል ድምፅ ያሰማል። በሩ ክላ ባለ ቁጥር እኔም ክው እላለሁ። በመጨረሻ «ሚስተር ፊታዋሪ» ተባለ። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ፤ «ፊታውራሪ ገና አልመጡም፤ ልጃቸው አለሁ» አለኝ። ከንፈሩ ደርቋል። እኔን አያስገቡኝም ነበር፤ ገባ።

የፈሩት ይደርሳል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲወጣ ገና ፊቱን ሳየው አወቅኩ። እጁ ላይ ወረቀት አለ፤ ወረቀቱ አልፈሃል አይልም።

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳያስነሳ ነገረኝ። ምሏል። የታሪኩን ጥያቄ አንድም አልሳተም፤ አንብቧል፣ ጽፏልም። ከዚያ ሴትዮዋ ፎርሙን ይዛ ፈጠን ፈጠን እያለች ትጠይቀው ጀመር። እንግሊዝኛዋ ከኔ ይፈጥናል፤ ያጠናቸው ቃላት ሁሉ ጠፉበት። ሲጨንቀው በቸርቹ ሽማግሌ መንገድ ኖ፣ ኖ ይላል፣ ያልገባውን ኖ በማለቱም ይበልጥ ይጨንቀዋል። ድንገት «ታይትል ኦፍ ኖቢሊቲ» ስትል ሰማ።

«ደስ አለኝ» አለኝ አባቴ። «ከሁሉ የገባኝ እሱ ብቻ ነበር።»

የስ አላት። ምን የሚባል ስትለው ፊታውራሪ አላት፤ ከአባቴ ነው አላት። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በፎርሙ ላይ ኖ ተብሏል፣ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ ግን ያው ፊታውራሪ የሚለው ተጽፏል። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ቀስ ብላ አስረዳችው። ማዕረግ ያለው ሰው ዜጋ ለመሆን ማዕረጉን መተው አለበት፣ ትተወዋለህ ወይ አለችው። ጊቭ ኢት አፕ። እነዚህን ቃላት አባቴ ያውቃቸው ነበር።

«ፊታውራሪን ተው እኮ ነው ያለችኝ። አባትህን ተው» አለኝ።

«ምን አልካት?»

«ኖ።»

የሁለታችን ትንፋሽ መስታወቱን አደብዝዞታል። ጥፋቱ የኔ መሆኑን አልነገርኩትም። «አያቴ ፊታውራሪ አይደለም፤ ስሙ ነው እንጂ» ብዬ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሬ ብሆን! ሲኒማ ቤቱ ጨለማ ውስጥ ያችን ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። ከባድ ጥያቄ ነው አልኩት፣ ይኸው ነው ያልኩት። አባቴ ጭንቅላቴን ዳሰሰና መኪናውን አስነሳ።

የሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌው ቸርች በር ላይ አገኙን። ኖ በል ብዬህ አልነበረም ወይ አሉት፤ ማን ተፈላሰፍ አለህ አሉት። እኔ ጫማዬን አያለሁ። አባቴ «ልጄ ያስተማረችኝ ልክ ነው አባቴ። የሳትኩት እኔ ነኝ» አላቸው። ያን ቀን ከማፈሬ የተነሳ መዝሙሩን አልዘመርኩም።

ያ ወረቀት የጠየቀውን የማብራሪያ ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊታውራሪ የሰው ስም ነው፣ አያቴ ልብስ ሰፊ ነው ብዬ ጻፍኩ። ስንት ጊዜ እንደቀደድኩት አላውቅም። ሌላ ቀጠሮ እስኪመጣ ሰባት ወር ጠበቅን። ፖስታ ሳጥኑን በቀን ሁለት ጊዜ እከፍተዋለሁ፣ ፖስተኛው አንዴ ብቻ እንደሚመጣ እያወቅኩ። በነዚያ ወራት ኮቱ ሁለት ጊዜ ጠበበ። እሑድ ሲመጣ ከስልኩ ርቄ መታጠቢያ ቤት መግባት ጀመርኩ፤ በበሩ ስንጥቅ ግን እሰማ ነበር። አንድ ቀን አያቴ «እንግዲህ ኮቱ እንዲሁ ይሁን። ከዚህ በላይ ጨርቁ አይችለውም» አለ። አባቴ እሺ አባባ አለው።

ሁለተኛው ኢንተርቪው አሥር ደቂቃም አልወሰደም። ስም ነው፣ ልብስ ሰፊ ነው አለ፤ አለፈ። የዜግነት ቃለ መሐላው ቀን ተነገረን። ያ ቀን ሦስት ሳምንት ሲቀረው አያቴ ሞተ።

ኮቱን ከናዝሬት የመጣ መንገደኛ አደረሰልን። አባቴ ሳሎን መሃል ቆሞ ሊለብሰው ሞከረ፤ እጅጌው ከክርኑ አላለፈለትም። አያቴ በቁመትም በትከሻም ከአባቴ የሚበልጥ ሰው ነበር። አባቴ ኮቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝና «እስቲ ልበሺው» አለኝ። ለበስኩት። የአሥራ አምስት ዓመት ቀጭን ልጅ ነበርኩ፤ ከርዝመቱ በቀር በልኬ የተሰፋ ይመስል ልክክ አለብኝ። እናቴ ፊቷን አዞረች። በመጨረሻው ወር አያቴ ምን ያህል ሰው እንደነበረ ያን ጊዜ በዓይናችን አየነው።

የሚገርማችሁ፣ ቃለ መሐላው የተፈጸመው እዚያው ኦክላንድ፣ ፊልሙን ባየንበት ቲያትር ቤት ነው። ያው የወርቅ ጣራ፣ ያው ቀይ ወንበር፣ የቅቤው ሽታ ብቻ የለም። እኛን ቤተሰቦቹን ሰገነት ላይ አስቀመጡን። ከላይ ሆኜ ያን ሁሉ እጅ የሚያነሳ ሰው አየሁ፤ አባቴን በራሰ በራው ለየሁት። ሲያልቅ ወደ ታች ወርደን እሱ አጠገብ ተቀመጥን። ወረቀቱን የሚሰጡት በጠረጴዛ ላይ ነው፤ አንድ ሰው የቤተሰብ ስም እያነበበ ይጠራል።

«ፊታዋሪ!»

እንደ ልማዴ ጆሮዬን ወደ አባቴ አስጠጋሁ። ቀልዱን ጠበቅኩ። አባቴ ወደኔ አልዞረም። ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በአማርኛ፣ ከፍ ባለ ድምፅ «አቤት» አለ። ሄዶ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ።

ተመልሶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሰዉ እስኪወጣ ጠበቅን። አባቴ የተዘጋውን መጋረጃ ብዙ አየው፤ ስክሪኑ ከኋላው ነው ያለው።

«ያ ፊልም» አለኝ፤ «በመጨረሻ ደረሱለት?»

እኔ ማየት እችል ነበር። የክፍሌ ልጆች ሁሉ አይተውታል፣ መጠየቅም ይቻል ነበር። ፈርቼ ነው ያላየሁት።

«ደረሱለት አባ» አልኩት። «በጀልባ አመጡት።»

ራሱን ነቀነቀ። እጄን ያዘ።

ዛሬ አባቴ ሸምግሏል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እስከምኖርበት ሚልፒታስ ድረስ እየመጣ ልጄን ያጫውታታል፤ ያን ፊልም እስከ መጨረሻው እንዳየ ሰው ይተርክላታል። ጀልባዋን፣ ጭጋጉን፣ ሽማግሌው ንጉሥ ኮቱን ለብሶ ባሕር ዳር እንዴት እንደጠበቃቸው። ፊልሙ ውስጥ ኮት የለም። ልጄ በየጊዜው «ዲድ ዜይ ሜክ ኢት?» ትለዋለች፤ እሱም ደረሱለት ይላታል፣ ወደኔ እያየ።

ባለቤቴ ፊልሙን በከፈተበት ምሽት ከሳሎን ተጣራ፤ ነይ፣ ሊያልቅ ነው አለኝ። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩትና የታጠበውን ሳህን እንደገና ማጠብ ጀመርኩ።